የጋሽ ድሮ ውሃ

ጎረቤቴ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ነበረች። አሁን ጡረታ ወጥታ ከባሏ ጋር ከእኔ በር ፊት ለፊት ትኖራለች። በሮቻችንን የሚለያቸው የደረጃው ማረፊያ ብቻ ስለሆነ፣ እነሱ ቤት በር ሲወረወር የእኔ ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ፤ እነሱ ሲጨቃጨቁ ደግሞ የእኔ ሻይ ይቀዘቅዛል። ጆሮውን አቁሞ ሻይ የሚጠጣ ሰው አላየሁም።

ጭቅጭቃቸው ዓመቱን ሙሉ አንድ ነው። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ፀጉራቸው ሁልጊዜ በውሃ ርሶ የተበጠረ ሰው ናቸው። የሕንፃው ሰው "ጋሽ ድሮ" ይላቸዋል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እሳቸው ይህን አያውቁም።

"ድሮ እኮ ዳቦው ራሱ ዳቦ ነበር" ይላሉ ጠዋት ቁርስ ላይ።

"አሁን ምን ሆነ? የያዝከው ጡብ ነው?"

"ድሮ ጎረቤት ለጎረቤት ይተዛዘን ነበር። ድሮ አውቶቡስ በሰዓቱ ይመጣ ነበር። ድሮ ጤና ነበር። ድሮ ውሃ ነበር።"

"የማን ድሮ?" ትላለች እሷ።

መልስ አትጠብቅም። ስኒዎቹን ሰብስባ ወደ ወጥ ቤት ትሄዳለች። ስኒ ሲቀመጥ ከሚያሰማው ድምፅ የሰውን ልብ ማወቅ ይቻላል፤ የእሷ ስኒዎች በዚያች ሰዓት እንዴት እንደማይሰበሩ ይገርመኛል።

አንጀቷን የሚያሳርራት "ውሃ ነበር" የሚለው ነው። ልጅ ሆና ከመንገዱ ግርጌ ካለው የሕዝብ ቧንቧ ትቀዳ ነበር። ቁልፉን የያዘው ሰውዬ ቂመኛ ስለነበር እናቷ ሰላምታ የረሳችበት ቀን ወረፋቸው ወደ ኋላ ይሄዳል። የባልዲው እጀታ ሽቦ ነው፤ መዳፏን ስለሚቆርጣት ጨርቅ ትጠቀልልበታለች፤ ጨርቁ ይርሳል፤ የራሰ ጨርቅ ያንሸራትታል። ይህን የነገረችኝ እያማረረች አይደለም፤ ባልዲ እንዴት እንደሚያዝ ስታስረዳኝ ነው።

አግብታ የገባችበት ግቢ ደግሞ ለተከራዩ ሁሉ አንድ ቧንቧ ነበረው። ባሏ ከሥራ ሲመለሱ የእግር ውሃ ለብ ብሎ፣ የፊት ውሃ ቀዝቅዞ ይጠብቃቸዋል። ከየት መጣ ብለው ጠይቀው አያውቁም። ለእሳቸው ውሃ ማለት በጣሳ ተደርጎ፣ ፎጣ ተደርቦበት በር ላይ የሚገኝ ነገር ነው።

ከዚያ ሆስፒታል ተቀጠረች። ልብስ ማጠቢያው ምድር ቤት ነበር፤ ቧንቧዎቹ ክንድ ያክላሉ፣ ውሃው ከነእንፋሎቱ ሌት ተቀን አይቋረጥም። "ውሃ የጠገብኩት እዚያ ነው" ትላለች። የሕፃናት ክፍል አንሶላ ትንንሽ ነው፤ ከሌላው ተለይቶ ይታጠባል። እሷ ስትቀጠር በዝናብ ወራት ያ ክምር ከራሷ በላይ ይሆን ነበር፤ ሁሉም ተቅማጥ የጣላቸው ሕፃናት የተኙበት ነው። ጡረታ ልትወጣ ስትል ክምሩ ከወገቧ አያልፍም ነበር። ክትባቱ ይሁን፣ መድኃኒቱ ይሁን፣ አታውቅም። የምታውቀው ክምሩ ማነሱን ነው። ስለዚህ ባሏ "ድሮ ጤና ነበር" ሲሉ ተነሥታ በረንዳ ትወጣለች።

ኑሮ ተሻሻለ ብላ እንዳትቀመጥ ደግሞ ይህ ቤት አለ። ቁልፉን የተቀበሉ ቀን አስታውሳለሁ። ቤቱ ውስጥ ቧንቧ ወጥ ቤት አለ፣ መታጠቢያ ቤት አለ፣ በረንዳም ላይ ሳይቀር አለ። ሁሉንም ከፍታ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደች እጇን ታስነካለች፤ እንደ ልጅ ትስቃለች። እኔንም ጠርታ አስነካችኝ።

ሳቋ ብዙ አልቆየም። ውሃው መጀመሪያ ቀን ሄዶ ማታ ይመጣ ጀመር። ከዚያ ቀን እየዘለለ መጣ። ከዚያ በሳምንት አንዴ ሆነ። አሁን ደስ ባለው ጊዜ ይመጣል፤ ሲመጣም እንደ ቆጣቢ ዘመድ አንገቱን ብቅ አድርጎ ይመለሳል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት የእኛ ቧንቧ ነው።

"ድሮ ቧንቧ አልነበረኝም፤ ውሃ ግን ተሸክሜም ቢሆን አገኝ ነበር" አለችኝ አንድ ቀን በርሜሏን እየወለወለች። "አሁን የሚያብረቀርቅ ቧንቧ አለኝ፤ አቧራውን የምወለውልበት ውሃ የለኝም። ይህ ሰውዬ ደግሞ ድሮ ይለኛል። ሁለቱም አናደዱኝ፤ ድሮውም፣ ዘንድሮውም።"

ቤቷን ብታዩት ውሃ የጠፋበት አይመስልም። ሰማያዊው በርሜል በአሮጌ ትሪ ተከድኖ መታጠቢያ ቤቱ ጥግ ቆሟል። ቢጫዎቹ ጀሪካኖች ክዳናቸው እንዳይጠፋ በክር ታስረው ከወጥ ቤቱ በር ኋላ ተደርድረዋል። ፊት የታጠቡበት ውሃ ካልሲ ያጥባል፤ ካልሲ ያጠበው ወለል ይወለውላል፤ ወለል የወለወለው መጸዳጃ ቤት ይደፋል። እሷ ቤት ጡረታ ያልወጣው ውሃው ብቻ ነው።

ጋሽ ድሮ ግን በርሜሉ ሁልጊዜ ሙሉ ስለሆነ ውሃ ያለ ይመስላቸዋል። ከጎረቤት ሽማግሌዎች ጋር ከሕንፃው ጀርባ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሕዝቡ ውሃ አጣሁ ሲል "እኛ ቤት እንኳ አለ" ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በዚያች ሰዓት ሚስታቸው ከግቢው በር አጠገብ ካለው ቧንቧ ወረፋ ቆማለች። ያ ቧንቧ ዝቅ ያለ ቦታ ስለሆነ ላይ ሲጠፋም ይንጠባጠባል። እሳቸው አግዳሚው ላይ ሳሉ ትቀዳለች፣ ሳይመለሱ ታወጣለች። ለምን ተደብቀሽ ብያት ነበር። "ሲያይ ያዝንልኛል፤ ሲያዝን ደግሞ ያወራል" አለች።

በዚህ መሀል ጀርባዋ እምቢ አለ። ከወንበር ስትነሣ እጇን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ ትንሽ ትቆያለች፣ የረሳችውን ነገር የምታስታውስ ይመስል። ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራው ልጃቸው አንድ ቀን ሳትታሰብ መጥታ እናቷን ደረጃ ላይ ከነጀሪካኗ ያዘቻት። እኔም በሬ ላይ ቆሜ ስለነበር አብሬ ተያዝኩ።

"እማዬ፣ ምን ተባባልን?"

"ትንሹን ነው የያዝኩት።"

"እትዬ፣ እርስዎስ? እያዩ ዝም?" አለችኝ ወደ እኔ ዞራ።

የገዛ ጀሪካኔ ከእግሬ ሥር ነበር።

"ሁለተኛ ተሸክመሽ ካገኘሁሽ በቃ፣ እኔ ቤት ትገባላችሁ። ይሄ ቤት ይከራያል" አለች ልጅቷ። የእሷ ቤት ከተማው ዳር ነው፤ ግቢው ውስጥ ትልቅ የውሃ ታንከር አለው። ክፍል አዘጋጅታለች፣ መጋረጃም ሰቅላለች። ክፉ ልጅ አይደለችም።

ጎረቤቴ ግን ከዚህ ቤት መውጣት አትፈልግም። "የልጄን ቤት ጠልቼ አይደለም" አለችኝ። "ድስት የት እንደሚቀመጥ ጠይቄ ላስቀምጥ? ማታ መብራት ላጥፋ ብዬ ላስፈቅድ? ይህቺን ምስማር አየሻት?" ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ የማማሰያ ማንጠልጠያ አሳየችኝ። "በእጄ ነው የመታኋት፤ ጠማማ ናት፤ ግን የኔ ናት።"

ጋሽ ድሮን ሲጠይቋቸው "ጥሩ ነው፣ የልጄ ሰፈር እንደ ድሮ ነው" አሉ።

እንግዲህ አሁን የምነግራችሁ የማክሰኞ ነገር ከዚህ በኋላ የመጣ ነው። በእኛ ሕንፃ ቤት ያለ ሰው ሁሉ ቧንቧውን ክፍት ትቶ፣ ከሥሩ ድስት ደፍቶ ያስቀምጣል። ውሃው ሲመጣ ድስቱን ይመታዋል፤ ቆርቆሮው ይጮኻል፤ የሰማ ሰው ሮጦ ጎማ ሰክቶ በርሜሉን ይሞላል። በአንድ ጊዜ በየቤቱ ድስት ሲጮኽ ሕንፃው የደወል ቤት ይመስላል። ማክሰኞ ዕለት ጎረቤቴ ለጀርባዋ ክሊኒክ ቀጠሮ ነበራት፤ እኔ ልሸኛት ተነሣሁ። በሩ ላይ ቆማ ለባሏ ስትነግራቸው ሰምቻለሁ።

"ድስቱ ከጮኸ ጎማውን ሰካና በርሜሉ ውስጥ ክተት። ሰማህ?"

"ሰማሁ፣ ሰማሁ" አሉ ከሬዲዮናቸው ሥር።

"ምን አልኩህ?"

"ድስት።"

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሑት ነው። ጀርባዋን ተጭኖ ተጭኖ "ምን ሥራ ነው የሚሠሩት እናቴ?" አላት። "ምንም፣ ጡረታ ነኝ" አለችው። አልመሰለውም። ከእንግዲህ ከባድ ነገር እንዳያነሡ ብሎ ማስታገሻ አዘዘላት፤ ቀስ እያልን ተመለስን።

የሕንፃውን ደረጃ ስንጀምር ውሃ ተቀበለን። ከላይ ወደ ታች፣ ከደረጃ ደረጃ፣ ጥርት ብሎ እየዘለለ ይመጣል። ስንት ቀን ስንለምነው የከረምነው ውሃ! ጎረቤቴ መጀመሪያ ፈገግ አለች፤ ከዚያ ከየት እንደሚመጣ ገባት። ጀርባዋን ረስታ ወጣች። እኔ ተከተልኳት።

በሩን ስትከፍተው ወለሉ ሐይቅ ሆኗል። ጫማዎች ይንሳፈፋሉ። ጋሽ ድሮ ሳሎን ውስጥ እግራቸውን ሶፋው ላይ ሰቅለው ሬዲዮ ያዳምጣሉ፤ ሲያዩን ፊታቸው ተኮሳትሯል።

"ሁለት ጊዜ ሻይ አፍይልኝ ብዬ ብጠራሽ ዝም ትያለሽ?" አሏት።

እሷ በሩ ላይ ቆመች። "መቼ?"

"አሁን ነዋ! ዕቃ ስታጥቢ። ስታንኳኪ ሰማሁሽ እኮ። ኋላ ዝም አልሽ።" ከዚያ ወደ ታች አዩ። "ይሄ ምንድን ነው?"

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃው መጥቶ ድስቱ ጮኸ። የዕቃ ማጠቢያው ስፖንጅ ተስቦ ቀዳዳውን ስለደፈነው ገንዳው ሞላ፣ ፈሰሰ። እሳቸው የሰሙት ግን ድስትና ውሃ ነው። ዕድሜ ልካቸውን በእሳቸው ጆሮ ድስትና ውሃ ማለት ሚስት ናት። ስለዚህ ለቧንቧው ሻይ አዘዙ። ድስቱ ውሃ ውስጥ ሰጥሞ ድምፁ ሲጠፋ ደግሞ አኮረፈች ብለው ተቀየሙ።

ወጥ ቤት ስንገባ ውሃው ሄዷል። ቧንቧው ሁለት ጠብታ ጣለና ተነፈሰ። በርሜሉ ባዶ ነው። ጎማው እንደ ተጠቀለለ ከማማሰያው ጋር ምስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል።

ጎረቤቴ ጫማዋን አወለቀች፣ ቀሚሷን ጠቅልላ ያዘች፣ በርከክ ብላ ከወለሉ በኩባያ እየጨለፈች ባልዲ ውስጥ ትጨምር ጀመር። "ለመጸዳጃ ይሆናል" አለች። እኔም አብሬ ጨለፍኩ።

በዚህ መሀል ከእነሱ ቤት በታች የምትኖረው ልብስ ሰፊ እርጥብ ጨርቅ ትከሻዋ ላይ ጥላ ወጣች። "እኔ ውሃ ስጠኝ ብዬ ለአምላክ ስለምን ነው የከረምኩት" አለች፤ "በጣራ በኩል ይልከዋል ብዬ ግን አላሰብኩም። የሰው ገበርዲን ነው! ነገ ውሰጂ ያልኩት ገበርዲን!"

"ይቅርታ እህቴ" አለች ጎረቤቴ ከወለሉ ሳትነሣ።

ከልብስ ሰፊዋ ኋላ ልጅቷ ቆማለች። ሐኪሙ ምን አለ ብላ ልትጠይቅ ነው የመጣችው። እናቷን በጉልበቷ ተንበርክካ፣ ኩባያ ይዛ አየቻት።

"በቃ" አለች ቀስ ብላ። "ቅዳሜ መኪና ይዤ እመጣለሁ።"

ጋሽ ድሮ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ሳሎኑ መሀል ቆመዋል። አንድ ነገር ማለት እንዳለባቸው ተሰምቷቸው መሰለኝ፣ "ድሮ እኮ እንዲህ ያለ ነገር…" ብለው ጀመሩ።

ልብስ ሰፊዋ "ኧረ ጋሼ!" አለች። ልጅቷ "አባዬ!" አለች። እኔ እንኳ፣ በሰው ፊት ድምፄን የማላነሣው፣ "እንዴ!" አልኩ።

ጎረቤቴ ኩባያውን አስቀመጠች። "ተዉት" አለች። ከዚያ ቀና ብላ አየቻቸው። "ድሮ የምትለው እኮ እኔን ነው። ውሃ ነበር የምትለው ጀርባዬን ነው። አሁን የለም። አለቀ። ከእንግዲህ አላነሳም። ሂድና ለአግዳሚው ሰዎች ንገራቸው።"

ልብስ ሰፊዋ ትከሻዋ ላይ ያለውን ጨርቅ ጨመቀችና ውሃውን ባልዲው ውስጥ ጠብ አደረገችላት።

በማግስቱ ጠዋት ጀሪካኔን ይዤ ወደ ግቢው ቧንቧ ወረድኩ። ከሴቶቹ መሀል አንድ ረጅም ሰው ቆሟል። ሸሚዙ የተተኮሰ ነው፤ ጀሪካኑን እንደ አውቶቡስ መሪ በሁለት እጁ ይዞታል።

"ጋሼ፣ መንገድ ተሳስተው ነው?" አለች አንዷ። "ፌርማታው እዚያ ማዶ ነው።"

"ተራ ማን ነው የሚይዘው እዚህ?" አሉ እሳቸው።

"ተራ የለም፤ ጉልበት ነው ያለው። ድሮ ነው ተራ!"

ሁሉም ሳቁ። ጋሽ ድሮ ግን አልሳቁም። ተራቸው ሲደርስ ክዳኑን ወዴት እንደሚፈቱት ጠፋቸው፤ አንዲት ልጅ ያዘለች እናት ፈታችላቸው። ሞልተው ሲያነሡት ወገባቸው ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። መልሰው አስቀምጠው ዙሪያቸውን አዩ፤ ሁላችንም ሌላ ቦታ የምናይ መሰልን። ከዚያ ቀንሰው ደፉ። ሴቶቹ "ኧረ ውሃውን!" ብለው ባልዲያቸውን አሽቀዳደሙ።

ደረጃውን ከኋላቸው ወጣሁ። በየማረፊያው ይቆማሉ። ክዳኑን በደንብ ስላልዘጉት በየደረጃው ጠብ ጠብ ይላል።

"ድሮ ይሄ ደረጃ እንዲህ ረጅም አልነበረም" አሉኝ እያለከለኩ።

"ያው ነው ጋሼ።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"በየቀኑ እወጣዋለሁ።"

ጀሪካኑን ወደ ሌላ እጃቸው አዛወሩ። "እሷስ?" አሉ።

"እሷም።"

በሩን የከፈተችው ጎረቤቴ ናት። ዕቃ ልታሽግ ካርቶን ይዛ ነበር። ጀሪካኑን አየች፣ ሸሚዛቸውን አየች።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ውሃ ነዋ።"

"ግማሽ ነው።"

"ግማሹ ደረጃው ላይ አለ" አሉ ጋሽ ድሮ።

ልትስቅ አልፈለገችም። ካርቶኑን ወደ አፏ አስጠግታ ወደ ውስጥ ገባች።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ወረዱ። ሕንፃው ስማቸውን ለውጦ "ጋሽ ግማሽ" አላቸው። ወረፋ ላይ የሚሉት ነገርም ተለወጠ። "ይህ የውሃ ቢሮ ምን የሚሠራ ነው? ማነው ኃላፊው? አንድ ቀን እዚህ መጥቶ ይሰለፍ!" ይላሉ። ሴቶቹ "እኛ እኮ ይህን ስንል ነው የከረምነው" ይሏቸዋል፤ እሳቸው ግን እንደ አዲስ ግኝት ይናደዳሉ። ሌሎቹ ሽማግሌዎች አግዳሚው ላይ ሆነው ያሾፉባቸዋል።

ቅዳሜ ልጅቷ መኪና ይዛ መጣች። አባቷን ደረጃ ላይ አገኘቻቸው።

"አባዬ! ምን እያደረግህ ነው?"

"አይታይሽም? አውቶቡስ እየነዳሁ ነው።"

"ዕቃውን የሚያወርድ ሰው ይዤ መጥቻለሁ እኮ።"

"እኔ ወደ ላይ እያወጣሁ ሳለ ወደ ታች የሚወርድ ነገር የለም" አሉና ጀሪካኑን አነሡ። ልጅቷ ልትቀበላቸው እጇን ዘረጋች፤ አልሰጧትም።

ላይ ቤት እናቷን ጠየቀቻት፤ "ይሄ የስንት ቀን ወረት ነው እማዬ?"

ጎረቤቴ ካርቶኑ አጠገብ ተቀምጣለች። ካርቶኑ ውስጥ ስኒዎች ብቻ ነበሩ። "እኔ እንጃ ልጄ። የሚያመጣው ግማሽ ነው፣ ቆሻሻ እግሩን ሳይጠርግ ይገባል፣ ሲያለከልክ እሰማውና ጀርባዬ ይብስበታል። ግን ሁለቴ ይመላለሳል።" እጇን ጀርባዋ ላይ አደረገች። "እኔ አላነሳም። ካነሳሁ ያን ጊዜ ውሰጂኝ።"

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። "እትዬ፣ ይጠብቁልኛል?"

"እሷን ሳይሆን እሳቸውን ነው የምጠብቀው" አልኳት።

ሰውየውን ከነመኪናው አሰናበተችው። ስኒዎቹ ከካርቶኑ ወጡ፤ ሻይ ተጠጣ። ገና ሳንጨርስ ከወጥ ቤት ድስቱ ጮኸ።

"መጣ!" ብለው ጋሽ ድሮ በአንድ እግር ጫማ ሮጡ። ጎማውን ከምስማሩ ሲያወርዱ ማማሰያውን ጣሉት። ጎረቤቴ እጇን ጠረጴዛው ላይ አስደገፈች፣ ልትነሣ። ከዚያ መልሳ ስኒዋን አነሣች።

ቧንቧው አስነጠሰ። ጥቂት ዝገት የመሰለ ውሃ ተፋ፣ በረጅሙ ተነፈሰ፣ ዝም አለ።

"ይሄ ምን የሚሉት ኑሮ ነው?" ብለው ጮኹ ጋሽ ድሮ፤ ጎማውን ይዘው ገንዳው ላይ ቆመዋል። "ሰው እንዴት እንዲህ ይኖራል?"

"እዚያው ቁም" አለቻቸው ጎረቤቴ ከወንበሯ ሳትነቃነቅ። "አንዳንዴ ተመልሶ ይመጣል።"